ቤት የሌለው በር

አዘዞ፣ ከጋራዦቹ ጀርባ፣ ጣራው የላላ መጋዘን፣
በእንቁላል ትሪ ለበጥነው፣ ስንጥቁን በጥጥ ደፈንን፤
ሁለት ማይክ፣ አንድ ሚክሰር፣ ተቀጣጥሎ የረዘመ ገመድ፣
ፈንታነሽ ጊታሯን ይዛ፣ ሙጨ ከበሮውን ሊያነድ፤
እኔ ከሁሉም ታናሽ፣ ጆሮዬ ግን የተመሰከረ፣
አባቴ ራዲዮ ሲፈታ ከጎኑ ያደረ።

የአንድ ብር ሳንቲም ወስደን
ከትልቁ ከበሮ ቆዳ፣ መዶሻው ከሚያርፍበት፣ በፕላስተር አጣበቅን፤
አንበሳው ወደ ውስጥ ዞሮ ሚዛኑ ወደ ውጭ ቀረ፤
ከዚያች ሌሊት ጀምሮ
ሙጨ በሁለት እግሩ ሚዛን ሲደበድብ አደረ።
«ጠቅ ይበል» ነው ያልነው። ሌላ ነገር አላልንም።

ማይኩን በጣት እየለካን፤
ከስፒከሩ እምብርት ሲጠጋ ይነክሳል እንደ ሚጥሚጣ፣
ወደ ጠርዙ ሲሸሽ ይዝላል፣ ጉልበት እንዳጣ፤
በሁለቱ መሃል ግን፣ አውራ ጣት በምታክል ቦታ፣
ብረት ሲላጥ ይሰማል።

ጊታሩን ሁለቴ ቀረጽን፣ አንዱን ለግራ፣ አንዱን ለቀኝ፤
ፈንታነሽ የአጎቷን ነገር አንስታ ሳቀችብኝ፦
«ቀኝ ጌታ ነበር እኮ! ይሄን ጩኸት ቢሰማ
‹ግራው ዘገየ› ነበር የሚለኝ፣ ሌላውን ሳያማ።»
እውነቷን ነው፣ ዘግይቶ ነበር።
ደግመን ቀረጽን።

ቢያድግልኝ ድምፁን የሳለው በታክሲ በር ላይ ነው፣
«አራዳ! አራዳ! የሞላ!» እያለ፣ ጉሮሮው እስኪቆስል።
ውሃ ከጠፋ አስራ አንድ ቀኑ፣ ሮቶው ባዶ ነበር፤
ስፒከር ከሆዱ አውርደን፣ ማይክ ከአፉ ላይ ሰቅለን በክር፣
ጩኸቱን ወደ ውስጥ ላክነው፤
ጠቁሮ፣ ጠልቆ፣ ከሁላችንም አርጅቶ ተመለሰ።
በአስራ ሁለተኛው ቀን ሰፈሩ በጄሪካን ሲራወጥ፣
ሴቶቹ እልል ሲሉ፣
ማስተጋቢያችን ሰመጠ።
ደስ አላለንም። ይህን ለመናገር ግን አፈርን።

ከሁሉ የባሰብን ጎረቤታችን ዳኘው፣ በያጁ።
ኤሌክትሮዱን ብረት ባስነካ ቁጥር
መብራቱ ይደክማል፣ አምፕሊፋየሩ ያቃስታል፣
የፈንታነሽ ወፍራም ክር ከሆዱ ያጉረመርማል።
ሦስት ሌሊት ለመንነው፦
«ጋሽ ዳኘው፣ ትንሽ ዕረፍ፣ ሌሊቱን እንኳ ተወን።»
በአራተኛው ተወን።
ቀረጽን። ንጹህ ነበር፤
ታጥቦ የተገነዘ ሬሳ ንጹህ እንደሚሆነው።

ተያየን። ማንም ሳይናገር ተነስተን በሩን አንኳኳን፦
«ጋሽ ዳኘው፣ በሞቴ በይድ።»
«ምኑን? ዛሬ ሥራ የለኝም።»
«ያገኘኸውን። አዝማቹ ጋ ስንደርስ
ግድግዳውን ሦስቴ እንመታለን፣ ያኔ ለኩስ።»
ከራስ እስከ እግራችን አየን።
ከዚያ መነጽሩን አጠለቀ።

ሦስት ምት።
በስንጥቁ ሰማያዊ ብርሃን ገብቶ ጣራውን ላሰው፤
ቮልቴጁ ሰገደ፣ ጊታሩ አብሮ ሰገደ፣
ሙጨ ሚዛኑን ረገጠ፣
የእኔም እጅ ከሚክሰሩ ላይ ሳላዘው ተነሳ፤
የሚነካ ነገር አልነበረማ።

ከሽፋኑ ጀርባ እንዲህ ብለን ጻፍን፦
ጊታር ፈንታነሽ፣ ከበሮ ሙጨ፣ ድምፅ ቢያድግልኝ፣
ብየዳ ዳኘው።

ሲነጋ ሂሳብ ልንከፍል ብንሄድ
ከግድግዳው ተደግፎ ባለ ሁለት ተከፋች በር ቆሟል።
«የማን ነው?»
«የእናንተ ነዋ! ስትመቱ ስበይድ፣ ስትመቱ ስበይድ፣
ሳየው በር ሆኗል።»

አራት ሰው ነን፣ አንዳችንም ቤት የለንም፤
መጋዘኑም የወር ኪራይ ነው።
በሩ ዛሬም ደጁ ላይ፣ ዝናብ እየጠጣ፣ ዝጎ እንደቆመ ነው፤
በጥፍር ሲነካ
ከፈንታነሽ ወፍራም ክር ጋር ይስማማል።
ትንሽ ብቻ ዝቅ ይላል።